የኖስ ሜዮ የወንዝና የባህር ዳር ዙር ጉዞ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኖስ ሜዮ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በዴቨን ያለች ትንሽ የወንዝ ዳር መንደር ናት። ከደጃፏ የሚነሳው የእግር መንገድ ገደሉን ይዞ ባህሩን ያሳያችሁና በጫካ አድርጎ እዚያው መንደር ይመልሳችኋል። ለመሄድ ያሰቡ ሰዎች ርዝመቱን ይጠይቃሉ፣ ጫማውን ይጠይቃሉ፣ ፓርኪንጉን ይጠይቃሉ። የባህሩን ሙላትና ጉድለት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በጋ ስል የእነሱን ሞቃት ወራት ከጁን እስከ ኦገስት፣ ክረምት ስል ደግሞ ብርዳማውን ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ማለቴ ነው።

መንደሯ በትክክል የት ነው ያለችው?

ከፕሊመዝ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ። በቀጥታ መስመር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በመኪና ግን ወንዙን ዞሮ መምጣት ስለሚያስፈልግ መንገዱ ይረዝማል።

ወንዙ ያም ይባላል። ከዳርትሙር ከፍተኛ ቦታዎች ተነስቶ እዚህ ጋ ነው ባህር የሚገባው። ወደ አፉ ሲቃረብ አንድ ጠባብ የውሃ ክንድ ወደ ምሥራቅ ይዘረጋል። በክንዱ ደቡብ ዳር ኖስ ሜዮ፣ በሰሜን ዳር ደግሞ ኒውተን ፌረርስ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ቤቶቹ ከቁልቁለቱ ላይ ተደርድረው እስከ ውሃው ድረስ ይወርዳሉ። ሸለቆው ጠባብና ጥልቅ የሆነው በምክንያት ነው። ከበረዶ ዘመን በኋላ የባህሩ ከፍታ ሲጨምር የወንዙን ሸለቆ አጥለቀለቀው። ዛሬ ጀልባዎች የሚቆሙበት ቦታ ድሮ የሸለቆ ወለል ነበር ማለት ነው።

ዙሩ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?

አጭሩና የተለመደው ዙር 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳይቸኩሉ፣ ፎቶ እያነሱ፣ አንዴ አረፍ እያሉ ሁለት ሰዓት ተኩል ይበቃል። እግሩ የፈጠነ ሰው ከሁለት ሰዓት በታች ይጨርሰዋል። እኔ ግን ግማሽ ቀን ስጡት እላለሁ። ሦስት ሰዓት ነድቶ መጥቶ እየሮጡ መመለስ ምን ይሉታል?

ከባድ ነው? ከዚህ በፊት ሃይኪንግ ወጥቼ አላውቅም።

አይከብድም። አንድ እውነተኛ ዳገት አለው፣ ከመንደሩ ወደ ላይኛው ሜዳ የሚወጣው። እሱ ትንፋሽ ያስቆርጣል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው የገደል አፋፍ መንገድ በአብዛኛው ደልዳላና ሰፊ ነው። በዚህ አገር የባህር ዳር መንገድ ማለት ብዙውን ጊዜ ወደ ሸለቆ መውረድ፣ መውጣት፣ እንደገና መውረድ ነው። ጉልበት ይፈትናል። ይሄኛው ለምን እንዲህ ቀለለ ለሚለው ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

በገደል ላይ እንዲህ ያለ ሰፊ መንገድ ማን ሠራው?

አንድ የባንክ ባለቤት ነው ያሠራው፣ እንግዶቹን በሰረገላ ለማንሸራሸር።

ሰውየው ኤድዋርድ ቤሪንግ ይባላል። ቤሪንግ ብራዘርስ የተባለው የለንደን ባንክ ዋና ሰው ነበር። በ1885 ሎርድ ሬቭልስቶክ የሚል ማዕረግ አገኘ። እዚህ አቅራቢያ ሜምብላንድ የሚባል ትልቅ ርስት ነበረው። ከርስቱ ተነስቶ ባህር ዳር ባህር ዳሩን የሚዞር 9 ማይል ያህል፣ ማለትም 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የሰረገላ መንገድ አስቆፈረ። እስከ ዛሬ ሬቭልስቶክ ድራይቭ ይባላል። ሰረገላ የሚጎትት ፈረስ ደግሞ ቀጥ ያለ ዳገት አይወድም። ስለዚህ መንገዱ የተቆረጠው የተራራውን ወገብ ይዞ፣ ቀስ ብሎ እንዲወጣና እንዲወርድ ነው። የእናንተ ጉልበት ዛሬ የሚያርፈው ያኔ ለፈረሶቹ ታስቦ በተሠራው ነገር ነው።

በመንገዱ መሀል ዋረን ኮቴጅ የምትባል ብቸኛ ቤት ታገኛላችሁ። የሎርዱ እንግዶች ለሽርሽር ሲወጡ ምግብ የሚቀርብላቸው እዚያ ነበር። አሁን ከውጭ አይቶ ማለፍ ነው።

የሰውየው መጨረሻ አላማረም። ባንኩ ለአርጀንቲና ብድር እጁን አብዝቶ ዘረጋ። በ1890 ሊወድቅ አፋፍ ላይ ደረሰ። የእንግሊዝ ባንክ (ባንክ ኦፍ ኢንግላንድ) ሌሎች ባንኮችን አስተባብሮ 17 ሚሊዮን ፓውንድ የደረሰ የዋስትና ገንዘብ አሰባሰበና ከውድቀት አዳነው። ቤሪንግ ግን ሀብቱን አጣ። ከሰባት ዓመት በኋላም ሞተ። ትልቁ ቤት ዛሬ የለም፣ ፈርሷል። የቀረው መንገዱና በ1882 በመንደሩ ያሠራው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ባንኩ ራሱ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1995 ሲንጋፖር በነበረ አንድ ሠራተኛው ንግድ ምክንያት ከሰረ። ያን ጊዜ ያዳነው አልተገኘም።

የባህሩ ሙላትና ጉድለት ለእግረኛ ምን አገባው?

ብዙ ያገባዋል። መንገዱ ራሱ ገደል ላይ ስለሆነ ውሃ አይነካውም። ግን የምታዩት መንደር፣ መኪና የምታቆሙበት ቦታ፣ የምትዋኙበት ዳርቻ ሁሉ በእሱ ይወሰናል።

ባህሩ እዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ትናንት የሄደ ጓደኛችሁ የነገራችሁ ሰዓት ዛሬ አይሠራም።

በፕሊመዝ አካባቢ በጣም በሚሞላባቸው ቀናት በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 5 ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ጸጥ ባሉት ቀናት ደግሞ 2 ሜትር አካባቢ ነው። ውሃው ሲሞላ በሁለቱ መንደሮች መካከል ያለው የውሃ ክንድ ሐይቅ ይመስላል፣ ጀልባዎቹ ይንሳፈፋሉ፣ ፎቶው ያምራል። ሲጎድል ጭቃ ብቻ ይቀራል። ጀልባዎቹ በጎናቸው ይተኛሉ። ከድረ ገጽ ላይ ፎቶ አይታችሁ መጥታችሁ ጭቃ ብታገኙ የተታለላችሁ እንዳይመስላችሁ።

ጭቃውም የራሱ ጥቅም አለው። ውሃው ሲጎድል ከኖስ ሜዮ ወደ ኒውተን ፌረርስ በእግር የሚያሻግር የተነጠፈ መንገድ ከሥሩ ብቅ ይላል። ተሻግራችሁ ሻይ ጠጥታችሁ መመለስ ትችላላችሁ፣ ውሃው ሳይቀድማችሁ። ከተነጠፈው ውጭ ግን በጭቃው ላይ ለመሄድ አትሞክሩ። ይሰጥማል።

አንድ ብልሃት ልንገራችሁ። በዚህ አካባቢ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን ትልቁ ሙላት የሚመጣው በጠዋትና በማታ ነው። ስለዚህ እኩለ ቀን አካባቢ ባህሩ ይጎድላል። ጨረቃ ግማሽ በምትሆንበት ሰሞን ደግሞ ይገለበጣል፤ ውሃው የሚሞላው እኩለ ቀን አካባቢ ነው። የዳርቻ አሸዋ የፈለገ የሙሉ ጨረቃን ሰሞን ይምረጥ። የሞላ ወንዝ አይቶ ምሳ መብላት የፈለገ የግማሽ ጨረቃን። ትክክለኛውን ሰዓት ግን ሁልጊዜ ከፕሊመዝ የሙላት ሰንጠረዥ አረጋግጡ። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል።

በየትኛው አቅጣጫ ብንዞር ይሻላል?

ሰዎች የሚከራከሩበት ጥያቄ ነው። የእኔ ምርጫ ከመንደሩ ቀጥታ ዳገቱን መውጣት፣ ላይ ባለው የዋረን መኪና ማቆሚያ በኩል ገደሉ ላይ መድረስ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ መሄድ ነው። ዳገቱ ጉልበት ሳይደክም ያልቃል። ባህሩም ቀስ በቀስ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ፊታችሁ ይዘረጋል። ወደ ምዕራብ ስትሄዱ የሚውስቶን ደሴትና የፕሊመዝ ወሽመጥ ከፊታችሁ ይሆናሉ። ጋራ ፖይንት የሚባለውን ጫፍ ዞራችሁ ወደ ወንዙ አፍ ትገባላችሁ። ከዚያ ጫካው ይቀበላችኋል። መጨረሻው በወንዙ ዳር እስከ መንደሩ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይህን ምርጫ ያስቀይረኛል፦ ነፋስ። እዚህ የሚበዛው ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣ ነው። ጠንከር ካለ ገደሉን በሙሉ ፊታችሁን እየገረፈ ይሸኛችኋል። እንዲህ ባለ ቀን አዙሩት። በጫካው ጀምሩና ነፋሱን ከጀርባ ይዛችሁ ገደሉን ጨርሱ።

ልንጠፋ እንችላለን?

ይከብዳል። የገደሉ ክፍል የሳውዝ ዌስት ኮስት ፓዝ አካል ነው። ይህ መንገድ ከማይንሄድ ተነስቶ ፑል አጠገብ የሚያልቅ 630 ማይል፣ ማለትም 1,014 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ነው። ምልክቱ የኦክ ዛፍ ፍሬ ምስል ነው። እሱን እያያችሁ፣ ባህሩን በግራ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይበቃል። በተቃራኒው ከዞራችሁ ባህሩ በቀኝ ይሆናል። ስልክ ላይ ብቻ መተማመን ለማይወድ ሰው የኦርድናንስ ሰርቬይ ኦኤል20 ካርታ አካባቢውን ይሸፍናል። በጫካውና በወንዙ ሸለቆ የስልክ ኔትወርክ ሊቆራረጥ ስለሚችል ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ።

በመንገዱ ላይ ምን እናያለን?

ዓይን የሚይዘው መጀመሪያ ሚውስቶን ነው። ከወንዙ አፍ ፊት ለፊት ከባህር የወጣ ሦስት ማዕዘን ድንጋያማ ደሴት ነው። በ1744 አንድ የአካባቢው ሰው በጥፋት ተፈርዶበት ሰባት ዓመት እዚያ እንዲኖር ተልኮ ነበር ይባላል። በኋላ ደግሞ የባህር ኃይል የመድፍ ልምምድ በዚያ አካባቢ ያደርግ ስለነበር ደሴቱ ለረጅም ጊዜ ዝግ ሆኖ ቆየ። በ2006 ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጥበቃ ድርጅት ገዛው። ዛሬ የባህር ወፎች መኖሪያ ስለሆነ ሰው አይወርድበትም። የእስረኛው ቅጣት ለወፎቹ ጥሩ ቤት ሆነ ማለት ነው።

ሰማዩ ጥርት ካለ በስተደቡብ ምዕራብ አድማስ ላይ ቀጭን እንጨት የሚመስል ነገር ትፈልጋላችሁ። ኤዲስቶን የሚባለው የመርከብ መብራት ማማ ነው። 49 ሜትር ቁመት አለው፣ የተሠራው በ1882 ነው። አጠገቡ የቀድሞው ማማ ጉቶ አለ። የዚያን የላይኛውን ክፍል ፈታተው ወደ ፕሊመዝ ወስደው ሆ በሚባለው ሜዳ ላይ እንደገና አቁመውታል። ባይኖክላር ያለው ይያዝ።

ቅርብ ቅርቡን ደግሞ አትርሱ። በጸደይ ገደሉ ጎርስ በሚባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ቢጫ ይሆናል። ጫካው ውስጥ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ ብሉቤል የሚባለው ሰማያዊ አበባ መሬቱን ይሸፍነዋል። ለእኔ ያ ሰሞን ከበጋው ይበልጣል።

መንገዱን ማስረዘም ብንፈልግስ?

ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ስቶክ ሂዱ። እዚያ ባህር ዳር፣ በዛፍ መሀል የተደበቀ የቅዱስ ጴጥሮስ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ። የድሃው ዓሣ አጥማጅ ጴጥሮስ ይሉታል። በ1840 በደረሰ ማዕበል ጣሪያው ተጎዳና ከፊሉ ክፍት ሆኖ ቀረ። አዲሱ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ አሮጌው አገልግሎቱን አቆመ። አሁን አሮጌ አብያተ ክርስቲያናትን የሚጠብቅ ድርጅት ይንከባከበዋል። የሰረገላው መንገድ እስከዚያው አካባቢ ስለሚቀጥል አካሄዱ ቀላል ነው፣ ግን ቀኑን ሙሉ ቀን አድርጉት።

የትኛው ወቅት ይሻላል?

ሜይ እና ጁን። በጁን ቀኑ ከ16 ሰዓት በላይ ብርሃን አለው። በዲሴምበር 8 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ሴፕቴምበርም ጥሩ ነው፤ ባህሩ ሞቅ እንዳለ ይቆያል፣ የእረፍት ሰሞን ግርግሩ ግን ያልፋል። በክረምቱ ወራት ጫካው ውስጥ ጭቃ ይበዛል። የኦገስት ቅዳሜና እሁድን እኔ እዘለዋለሁ፣ በጠባቡ መንገድ መኪናና መኪና ሲፋጠጥ ቀኑ ያልቃል።

ልጆች ይችሉታል? የልጅ ጋሪስ?

መራመድ የለመደ የሰባት ስምንት ዓመት ልጅ ይችለዋል። በገደሉ ዳር በአብዛኛው አጥር የለም፣ ስለዚህ ትንንሾቹን እጃቸውን ያዙ። ለጋሪ ሙሉው ዙር አይመችም፣ ድንጋይና በር አለበት። ትልልቅ ጎማ ያለው ጋሪ ከሆነ ከላይኛው መኪና ማቆሚያ ተነስታችሁ እስከ ዋረን ኮቴጅ ደርሳችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። የቦታውን ምርጥ እይታ በዚያው ታገኙታላችሁ።

ምን እንልበስ? ምን እንያዝ?

ጥሩ ሶል ያለው ጫማ፣ ዝናብና ነፋስ የሚከላከል ጃኬት፣ ውሃ፣ ስንቅ። ጠዋት ፀሐይ ነው ብላችሁ ጃኬቱን መኪና ውስጥ እንዳትተዉት። የገደሉ አፋፍ ከመንደሩ ጋር አንድ ዓይነት የአየር ጠባይ የለውም። በገደሉ ላይ ሱቅም ሽንት ቤትም የለም።

በበጋ ረጅም ሱሪ ይመረጣል። በረጅም ሣርና በፈርን መሀል መዥገር አለ። አንዳንዱ የላይም በሽታ ያስተላልፋል። ቤት ስትገቡ እግራችሁን፣ ጉልበታችሁን ከኋላ፣ የልጆችን ፀጉር ሥር ፈትሹ። ካገኛችሁ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው ጋ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ከታየ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ገደሉ አደገኛ ነው?

ከመንገዱ ካልወጣችሁ አይደለም። ችግሩ የሚመጣው ለሰልፊ ነው። የገደል ጠርዝ ከላይ ጠንካራ መስሎ ከሥር የተቦረቦረ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ከብዙ ዝናብ በኋላ። ሰው ከወደቀ ወይም ባህር ውስጥ ችግር ካያችሁ 999 ደውሉና ኮስትጋርድ፣ ማለትም የባህር ዳር አድን አገልግሎት፣ በሉ። እናንተ ተከትላችሁ አትውረዱ።

ውሻ ይዞ መሄድ ይቻላል?

ይቻላል። በሜዳዎቹ ላይ በጎችና ከብቶች ሊኖሩ ስለሚችሉ በገመድ ያዙት። በር ከፍታችሁ ካለፋችሁ ዝጉ። ላም ጥጃ ይዛ ካያችኋት ዞራችሁ እለፉ። እሷ የምትፈራው ውሻውን ነው፣ ላም ካሯሯጠቻችሁ ግን ገመዱን ልቀቁት። ውሻው ከእናንተ ይልቅ ይሮጣል።

መዋኘትስ?

በወንዙ አፍ ላይ ሴላር ቢች የምትባል ትንሽ ዳርቻ አለች። ውሃው ሲጎድል አሸዋዋ ይሰፋል፣ ሲሞላ ትጠብባለች። የሕይወት አድን ሠራተኛ የለም። በበጋም ቢሆን የውሃው ሙቀት ከ16 እስከ 17 ዲግሪ ገደማ ነው፣ መጀመሪያ ሲገቡ ትንፋሽ ይይዛል። ውሃው ወደ ባህር በሚጎድልበት ሰዓት የወንዙ አፍ ይጎትታል፣ ጀልባም ይመላለስበታል። ስለዚህ ከዳርቻው አትራቁ።

መኪና የት እናቁም?

ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ በመንደሩ ውስጥ፣ ከቴኒስ ሜዳው አጠገብ። ሌላው ላይ፣ የናሽናል ትረስት የዋረን መኪና ማቆሚያ። ክፍያውን በሰሌዳው ላይ አንብቡ። በወንዙ ዳር፣ ከመጠጥ ቤቱ ፊት ለፊት ባዶ ጠጠር አግኝታችሁ ደስ ብሏችሁ እንዳታቆሙ። የውሃው ቦታ ነው። ሲሞላ ይመለሳል፣ መኪናውም ውስጡ ይቀራል።

ወደ መንደሩ የሚያስገባው መንገድ ጠባብ ነው። በሁለቱም በኩል ከፍ ያለ የአፈርና የቁጥቋጦ አጥር አለው። ሌላ መኪና ሲመጣ ከሁለት አንዱ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ማን እንደሆነ በመተያየት ይወሰናል።

መኪና ከሌለንስ?

ከለንደን ፓዲንግተን እስከ ፕሊመዝ በባቡር ከሦስት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከፕሊመዝ አውቶቡስ አለ፣ ግን በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚመላለስ የመመለሻውን ሰዓት ሳታዩ አትነሱ። በሞቃቱ ወራት ደግሞ ወንዙን ከማዶ ካለው ከዌምበሪ በኩል በትንሽ ጀልባ መሻገር ይቻላል። ጀልባው በክረምት አይሠራም፣ በበጋም የሚሠራው በቀኑ ውስጥ በተወሰኑ ሰዓታት ነው። አመለጣችሁ ማለት ወንዙን በሙሉ ዞሮ መሄድ ነው።

ከጉዞው በኋላ የት እንብላ?

በመንደሩ ሁለት ፐብ አለ፣ ሺፕ ኢን እና ስዋን ኢን። ሁለቱም ውሃ ዳር ናቸው። ቅዳሜና እሁድ ቀድማችሁ ጠረጴዛ ያዙ፣ ኩሽናው የሚዘጋበትንም ሰዓት ጠይቁ። የእንግሊዝ ገጠር ፐብ ከምሳ በኋላ ምግብ አቁሞ እስከ ማታ መጠጥ ብቻ መሸጡ የተለመደ ነው።